ማርና ማዘጋጃ ቤት



በአገር ቤት ሹም ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም ነበር፤ ማር ወይም ቅቤ ይያዛል፤ ስሙም እጅ መንሻ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለስግድ በዓል አዳራሽ ልናስፈቅድ ስንሄድ፣ አንዲት እናታችን ለማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ አንድ ማሰሮ ማር ይዘው ነበር። ሠራተኛዋ አመስግና መለሰችላቸው። እሳቸውም «ናቀችኝ» ብለው አለቀሱ።

ንቀት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የስጦታ ሕግ የሕዝብ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የተሰጠውን ለራሱ እንዳያስቀር ይከለክላል፤ በልማድ የሚሰጥ ትንሽ ነገር ግን ይፈቀዳል። ጉዳይ ለማስፈጸም ከሆነማ ጉቦ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ። ማመስገን ከፈለጋችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ በበዓሉም እንደ ማንኛውም እንግዳ ዳቦና ቡና አቅምሱ።

እኛ የበዓል ኮሚቴዎችም እንጠንቀቅ። እንጀራ አቅራቢዋ የአክስታችሁ ልጅ ብትሆን፣ ዋጋ ከመነሣቱ በፊት «ዘመዴ ናት» በሉ፤ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሲወሰንም ከክፍሉ ውጡ። ነጋዴ በግ ቢሰጣችሁ ለኮሚቴው አስታውቁ፤ ይመዝገብ።

ዝምድናው ኋላ ከተሰማ፣ ሥራችን ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚያምነን አይገኝም። በሚቀጥለው ዓመትም አዳራሹን የምንጠይቀው ከነዚያው ሰዎች ነው።