ውኃም እርሾ ይሻል

(በማኅበራችን የኅዳር ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያደረገው ንግግር። ላልተገኙ አባላት በማስታወቂያ ሰሌዳ ወጥቷል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዓሣው ጉዳይ ነው። «ጸሐፊው የመንገዱንና የቦይውን ነገር ትቶ ስለ ዓሣ ያወራል» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። ነገሩ የማኅበሩን ገንዘብና የአንድ ሰው ስም የነካ ስለሆነ በጥሞና እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዲያዩት ተብሎ ባለፈው ጥቅምት 100 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ሣጥን፣ አኳሪየም የሚሉትን፣ በአዳራሻችን አቆምን። ሐሙስ ውኃ ሞላን፤ ዓርብ 14 ዓሣ አስገባን። በዘጠነኛው ቀን የቀሩት 3 ብቻ ነበሩ። ልጆቹ አለቀሱ። በኮሚቴውም «ዘበኛው ሌሊት አንዳች ነገር ቢጨምርበት ነው፤ ዋጋው ከደመወዙ ይቆረጥ» የሚል ቃል ወጣ። ያን ቃል በቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ዓሣ በቤቱ የሚያኖር አንድ ሰው ጠየቅሁ፤ የተጻፈም ነገር ልጄ አነበበችልኝ። ታዲያ ምን ልበላችሁ፣ ዘበኛችን ምንም አላጠፉም። የገደልናቸው እኛው ነን፤ ይልቁንም እኔ።

ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም በዚያው በሚኖርበት ውኃ ነው። ከሰውነቱ ከሚወጣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ያልተጠረገ በረት ስትገቡ ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ እርሱ ነው። በጣና ሐይቅ ይህ ነገር እንደዚህ አይጎዳም፤ ውኃው ብዙ ነው፤ በጭቃውና በድንጋዩም ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ቡናማ ያደርገዋል፤ ዓሣው ውኃው ውስጥ አየር እያለ ይታፈናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ በብዛት ካልተጠራቀመ ዓሣ አይገድልም። ሥራው በሁለት እጅ በባክቴሪያ የሚሠራ መሆኑን በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረጋገጠው በኪየቭ የተወለደው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው።

አዲስ መስተዋት ግን እነዚህ ሠራተኞች የሉበትም። እናቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የጤፍ ዱቄት በውኃ ስለተቦካ ብቻ በዚያው ሰዓት እንጀራ አይሆንም፤ እርሾ ይገባበታል፤ ቀን ይጠብቃል። የመስተዋቱም ውኃ እንዲሁ ነው። ጥራቱን አይቶ ማመን አይገባም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

ዘበኛችን «ጸሐፊ፣ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ምን ሆኑ?» ብለው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። እኔም የረዳሁ መስሎኝ ውኃውን በሙሉ ደፋሁ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ፈትጌ አጠብኩ፤ ከዚያው ቧንቧ ቀድቼ ሞላሁ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ የሚጨመረውም ጀርም እንዲገድል ነው። የዓሣውን መተንፈሻ ይጎዳል፤ ስፖንጁ ላይ ማደር የጀመረችውንም ጥቂት ባክቴሪያ ይፈጃል። ቡሃቃውን ከነእርሾው አጠብኩት ማለት ነው።

አገራችን ጎንደርም የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው አገር አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሌሊቱም ብርድ ነው። የሞቃት አገር ዓሣ 25 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያውም ሥራው ይዘገያል።

ስለሆነም የሚከተለውን አሳስባለሁ፦

1ኛ/ ውኃው እስኪሰናዳ አንድም ዓሣ አይገዛ። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። የተረፉትን 3 ዓሣዎች ያ የመከረን ሰው በቤቱ ያቆይልናል።

2ኛ/ የቧንቧው ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አፉ በተከፈተ በርሜል ሁለት ቀን ይቆይ።

3ኛ/ ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና የአየር ፓምፑ ሌትም ቀንም ይሥሩ። በየቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ባዶው ውኃ ላይ ይጣል። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያው በእርሱ ይራባል። ምንም ሳይጣልበት ስድስት ሳምንት ቢቆይ ያው ባዶ ውኃ ነው።

4ኛ/ ከዚያው ሰው መስተዋት ያገለገለ ስፖንጅ ቁራጭ እንለምን፤ እርጥብ እንዳለ ይምጣ። ከጎረቤት እርሾ መበደር ማለት ነው፤ ጊዜውን ያሳጥራል።

5ኛ/ ቀለም በሚለውጠው የመመርመሪያ ጠብታ በየሦስት ቀኑ ይለካ። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፤ እርሱ ሲወርድ ናይትራይት ይወጣል። ምግቡ እየተጣለ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ያን ጊዜ ደርሷል። ዳኛው ልኬቱ ነው እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም።

6ኛ/ ሲጀመር 3 ወይም 4 ትንንሽ ዓሣ ብቻ ይግባ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይጨመር። በሳምንት ከውኃው ሩብ ያህሉ ብቻ ይለወጥ። ስፖንጁ ከመስተዋቱ በተቀዳ ውኃ እንጂ በቧንቧ አይታጠብ። መብራት በጠፋ ጊዜም ምግብ አይጣል።

አንዳንድ አባላት «ልጆቹ አዝነዋል፤ አሁኑኑ ይገዛ» ብላችኋል። ልጆቹ ሁለተኛ ሬሳ ከሚያዩ ቢጠብቁ ይሻላቸዋል። ዛሬ ብንጀምር ለጥምቀት ሰሞን ሊደርስልን ይችላል። የፋሲል መዋኛ እንኳ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ የሚሞላው ቀደም ተብሎ ነው እንጂ በበዓሉ ዕለት አይደለም። ልኬቱንም ልጆቹ ራሳቸው ቢመዘግቡት፣ መጠበቁ ራሱ ትምህርት ይሆናቸዋል።

በመጨረሻም፣ ስለ ዘበኛችን የተጻፈው ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝና ከደመወዛቸው አንድ ብር እንኳ እንዳይነካ ጉባኤውን እጠይቃለሁ። የ11ዱን ዓሣ ዋጋ እኔ ከኪሴ እተካለሁ። ከሁላችን አስቀድመው ያዩት እሳቸው ነበሩ፤ አለመስማቴ የእኔ ጥፋት ነው።

አባቴ፣ እዚያ በሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙኛል። በሰው ፊት ስምዎን አጥፍተናልና፣ በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።