«ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?»

(በምሩቃን መገናኛ ቀን፣ ወለቃ ላይ በምሳ ሰዓት የተደረገ ንግግር)



ያደግሁት እዚሁ ወለቃ ነው። እዚህ እባብ ሲታይ ዱላ ይነሣል እንጂ ስም አይወጣለትም። ሐኪም ከሆንኩ በኋላም የማውቀው እባብ ከመተማ ቆላ እግሩ አብጦ የሚመጣውን የሰሊጥ አጫጅ የነደፈውን ነው። ስለዚህ አሜሪካ ቤቴ ውስጥ ስም የወጣለት እባብ አለ ስላችሁ ብትስቁ አልቀየምም።

የ11 ዓመቱ ልጄ ለምኖ ለምኖ ያስገዛኝ ነው። «የበቆሎ እባብ» ይሉታል፤ መርዝ የለውም። ሲመጣ ውፍረቱ እርሳስ ያክል ነበር። የሚበላው ገና ጸጉር ያላወጣች የአይጥ ግልገል ናት፤ በሳምንት አንድ ገደማ። በረዶ ሆና በላስቲክ ታሽጋ ትሸጣለች። እባቡ ሲያድግም የቀዘቀዘው ይመረጣል፤ በሕይወት ያለ ትልቅ አይጥ እባቡን ነክሶ ያቆስለዋልና። በረዶው ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይቀልጣል፤ ከዚያ ከነላስቲኩ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከርና በረጅም ወረንጦ ይቀርብለታል። ውስጡ በረዶ ከሆነ፣ ወይም በልቶ ሳይፈጭ ከነካኩት፣ መልሶ ይተፋዋል። ልጄ ይህን ሁሉ አንብቦ ያውቃል። እኔ ሐኪሟ እናቱ ግን አይጧ በየትኛው ሳህን እንደምትነከር አልጠየቅሁም።

አንድ ሰሞን የ3 ዓመቷን ልጄን ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛት። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ጎደጎደ፤ ይዣት ሆስፒታል ሮጥኩ። ነርሷ «ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም፤ ውሻም ድመትም የለንም» አልኳት። አጠገቤ የቆመው ልጄ፣ «እማዬ፣ እባቡስ?» አለ።

ሰገራዋ ሲመረመር ሳልሞኔላ ተገኘ። ቤት ስንመለስ ሳህኑን አሳየኝ አልኩት። እኅቱ አጥሚት የምትጠጣበት ጎድጓዳ ሳህን ነበር። ልጁን አልተቆጣሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

እባብ ራሱ ሳይታመም ሳልሞኔላን በአንጀቱ ይዞ ይኖራል። የሚበላው አይጥም ሊይዘው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ለእባብ መኖ የሚሸጡ የቀዘቀዙ አይጦች በዚሁ ምክንያት ከገበያ ተሰብስበዋል። «ፍሪጅ የገባ ነገር ንጹሕ ነው» የሚል ሐሳብ እዚህም እዚያም አለ። በደንብና ለብዙ ቀን ማቀዝቀዝ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭ ይገድላል። ሳልሞኔላ ግን በረዶ ውስጥ ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ሲሞቅለት ይነሣል። እሱን የሚገድለው እሳት ነው።

ልጄ ድና ዛሬ ትሮጣለች። እባቡም አለ፤ ግን የራሱ ሳህንና የራሱ ወረንጦ አለው፣ ምግቡም ወጥ ቤት አይገባም። የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ እባብን እንዳይነካ ስለሚመከር፣ ትንሿ ከሩቅ ሆና ታየዋለች። እናቴ ግን በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር «ያን አውሬ ጣይው» ማለቷን አልተወችም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ተማሪ ሳለን ለቲቲፒ ገጠር ወጥተን ቤት ለቤት ስንዞር «ከብቱ የት ያድራል? ውሃው ከየት ይቀዳል?» ብለን እንጠይቅ ነበር። ጎንደር ያስተማረችን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። እኔ ግን ጥያቄውን ለገበሬው ቤት ብቻ አድርጌ ያዝኩት፤ ለራሴ ቤት አልመሰለኝም።

መምህሮቻችን፣ ይህን ጥያቄ ማስተማር አትተዉብን። ተማሪዎቻችሁ ቆላ ድባም ይሂዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ይጠይቁ። «እንስሳ» ሲሉም ውሻና ድመት ላይ አይቁሙ፤ ዶሮም አለ፣ ኤሊም አለ፣ የልጅ እባብም አለ። እናትየዋ ሐኪም ብትሆን እንኳ አይለፏት።