የታመመ ይጠየቃል
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት ሀዋሳ ላይ የተደረገ ንግግር)



ርእሴ ለደስታ ቀን ከበድ ይላልና ይቅርታ አድርጉልኝ። ስለ ራስን ማጥፋት ነው የምናገረው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን አንድ የዶርም ጓደኛችን ጃኬቱን ለእኔ፣ መጻሕፍቱን ለሌሎች አደለ። እኔ ጃኬቱን ለብሼ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንሸራሸር ዋልኩ፤ ለምን እንደሰጠኝ እንኳ አልጠየቅኩትም። የጠየቀው ሌላ ልጅ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ፣ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው እንዴ?» አለው፤ ፊት ለፊት። ልጁ አለቀሰ። ያን ሌሊት ብቻውን አልተውነውም፤ ሲነጋ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ጃኬቱንም መልሼለታለሁ።

ብዙዎቻችን «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበት ይሆን?» ብለን እንፈራለን። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፣ እንዲያውም ጭንቀትን ያቀልላል። ድርጅቱ እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በራሳቸው ያጣሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ ከቀዳሚዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። የተማሪዎቻችን ዕድሜ ማለት እኮ ነው!

ልጁ ከቤት ሲወጣ «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር» እየተባለ ተሸኝቷል። ውጤቱ ሲበላሽ ለማን ይንገር? ቤተሰብ ያዝናል፣ ሰፈር ያወራል፣ «እምነት ጎደለው» ይባላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ የምናስደብቀው ግን እኛው ነን።

በአገራችን የታመመን ሰው ቤቱ ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። ይህም ሕመም ነው፤ ይጠየቅ። «በቃኝ»፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚል፣ ንብረቱን የሚያድል፣ በድንገት ከሰው የሚሸሽ ስታዩ ጠይቁት። አትቆጡት፣ አዳምጡት። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አርቁለት፤ ብቻውን አትተዉት። ከዚያ ወደ ሕክምና አድርሱት፤ እዚሁ ሀዋሳ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ አዲስ አበባም አማኑኤል አለ። ጸበልና ጸሎት ለሚሻም ሕክምናው አይከለክለውም፤ ሁለቱንም ይያዝ።

ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ይውላል፤ አዲስ ዓመት ደጃፍ ላይ። «እንኳን አደረሰህ» ለማለት ስንደዋወል፣ ድምፁ ለጠፋብን አንድ የድሮ ጓደኛም እንደውል። «እንዴት ነህ?» ብለን፣ መልሱን እንጠብቅ።