ወርቅ ያልተገኘበት ጉድጓድ

ሁላችሁንም በየማዕረጋችሁ ብጠራ ፀሐይዋ እነዚህን ልጆች ትጨርስብናለችና ይቅር በሉኝ። ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ይህን ድንጋይ ያመጣሁት ከሻኪሶ አካባቢ ነው። ነጩ ኳርትዝ ነው፤ አረንጓዴው ድሮ ላቫ ነበር። መጋጠሚያቸው ላይ የሚያብለጨልጨው ወርቅ ሳይሆን ፒራይት ነውና እናቶች አትጓጉ! ላቫው ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አለው፤ ባሕር ሥር ፈስሶ የረጋ ነው። በኋላ ባሕሩ ተዘግቶ መሬቱ ሲጨመቅ፣ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ውሃ ወርቅን ከድኝ ጋር አዋህዶ በስንጥቁ ሽቅብ ወጣ። ብረት የበዛበት ላቫ ሲያጋጥመው ብረቱ ድኙን ነጥቆ ፒራይት ሆነ፤ ወርቁም ተሸካሚ አጥቶ እዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በአውስትራሊያ ካልጉርሊ ወርቅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ አለቱ 2.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ቆፋሪዎቹ ዓይናቸው ቢጫ ወርቅ ላይ ብቻ ስለነበር፣ ወርቅና ቴሉሪየም የተዋሃዱበትን ድንጋይ የማይረባ ብለው ጣሉት። የመንገድ ጉድጓድ ሞሉበት፣ ጭስ ማውጫ ገነቡበት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1896 ምንነቱ ሲታወቅ ያነጠፉትን መንገድ መልሰው ቆፈሩት አሉ።

ሳቃችሁ? እኔ በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ «ወርቅ የለውም» የተባለው ኮር፣ ማለትም ከቁፋሮ ጉድጓድ የወጣው የድንጋይ ዘንግ፣ ሣጥኑ ለሻይ ማፍያ ማገዶ ተፈልጧል። ድንጋዩ ደግሞ ለግቢው ጭቃ መደልደያ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቡድን መጥቶ ያንኑ ጉብታ እንደ አዲስ ቆፈረ። በአልማዝ መሰርሰሪያ አንድ ሜትር ለመቆፈር ስንት ብር እንደሚወጣ መምህሮቻችሁን ጠይቁ! እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባዶ ኮር ብዙ ይናገራል። አረንጓዴው ላቫ አንድ ቦታ ላይ ገርጥቶ ካያችሁት የጋለው ውሃ በዚያ ሳያልፍ አልቀረም፤ ወርቁ ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወርቅ ያጣችሁበትንም ጉድጓድ መዝግቡ፣ ኮሩንም ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡ። በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድ መመዝገብ አይደለም!

አንድ ነገር ልጨምር። ባህላዊ ወርቅ አምራቾችን አትናቁ፤ ወንዙን ከእናንተ በፊት ያውቁታል። ወርቁን ለመለየት ሜርኩሪ በእሳት ሲያተኑ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ፤ ጭሱ የእነሱንም የልጆቻቸውንም ነርቭ ይጎዳል።

ወደ ኮሩ ልመለስ፤ «መጋዘኑ ሞልቷል፣ ኮሩን ጣሉት» የሚል አለቃ ቢገጥማችሁ ሌላ መጋዘን ጠይቁ። አሻፈረኝ ካለ ስልክ ቁጥሬን ከትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወስዳችሁ ደውሉልኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ለመጨቃጨቅ ጊዜ አለኝ።