አበል የተቋረጠበት ቤተሰብ ምን ያድርግ? ጎረቤቱስ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳችን የውኃ መውረጃው ቦይ ጉዳይ እንደነበረ ታውቃላችሁ። እሱን ወደ ኋላ አድርገን ስለ ጡረታ አበል ለመናገር የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በዚሁ በሠፈራችን፣ በአፍንጫችን ሥር፣ አንድ ቤተሰብ አሥር ወር ሙሉ ያለ ገቢ ሲኖር ማኅበራችን አላወቀም። አለማወቃችን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የባሰ አድርገናል፤ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

እንደሚታወቀው ከመካከላችን በተተኪነት የጡረታ አበል የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ሲያርፍ ለባለቤቱ፣ 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆቹና በእሱ ይረዱ ለነበሩ ወላጆቹ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ማለታችን ነው። በ2003 ዓ.ም. ከወጣው ከአዋጅ ቁጥር 715 ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛ ቤተሰብም በዚሁ መብት ይጠቀማል። የ2003ቱ አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል፤ የተተኪዎች መብት ግን አልቀረም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ስማቸውን አንጠራም፤ ይህን እንድንናገር የፈቀዱልን ራሳቸው ናቸው። አንዲት እናታችን ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። በጊዜው ይሠራበት በነበረው አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት ለሚስት የሟቹ አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይከፈል ነበር። ለስሌት እንዲመቸን የሟቹ አበል 3,000 ብር ነበር እንበል። ለእናቲቱ 1,500፣ ለሁለቱ ልጆች 600፣ 600፤ በጠቅላላው 2,700 ብር ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ትልቁ ልጅ 18 ዓመት ሞላው። የእሱ ድርሻ ቀርቶ 2,100 ብር መቀጠል ነበረበት። በጥቅምት ወር ባንክ ሲሄዱ ግን አንዲት ሳንቲም አልገባም።

እሳቸውም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። «ይጠብቁ፣ እየተጣራ ነው» ተባሉ። በኅዳር ሄዱ፤ «ሲስተም የለም»። በታኅሣሥ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በጥር «ከወረዳ ደብዳቤ ያምጡ» ተባሉ፤ አመጡ። በየካቲት ደብዳቤው አልተገኘም። እያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ታክሲ መሄጃ፣ ሁለት ታክሲ መመለሻ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰው በእጃቸው የገባ አንድም ወረቀት አልነበረም። ሁሉም በአፍ ነው።

እኛ ነገሩን ያወቅነው በፋሲካ ነው። ቅርጫ ላይ ስማቸው የለም፤ «ዘንድሮ ከዘመድ ጋር ነን» ብለው ልከዋል። ዘመድ እንደሌላቸው የምናውቅ ሰዎች ነን እኮ! ከኮሚቴው ሁለታችን የበዓሉ ማግስት እንኳን አደረሰዎ ልንል ገባን። ትልቁ ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ የታክሲ ረዳት ሆኗል። ትንሿ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ እንጀራ ታዞራለች። ለምን አልነገሩንም ብንል «ምን ብዬ፣ ለምኜ ላውቅ ነው?» አሉን።

ቤታችን ተመልሰን የማኅበሩን መዝገብ ስናገላብጥ ያየነውን እንናገር። እኒህ እናት በእነዚያ ወራት አንድም ወር መዋጮ ሳይከፍሉ አላለፉም። ተበድረው ነው የከፈሉት። ሦስት ጊዜ ግን ዘግይተዋል፤ እኛም ሦስት ጊዜ መቀጮ ጽፈንባቸዋል። የጻፈው እጅ የእኛ ነው። ለምን ዘገዩ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር አብረን መሄድ ጀመርን። የሄድነው ለጠብ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን ነበር፤ «አበሉ የቆመበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠን» የሚል። መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ ፋይሉን ሲያወጣ ነገሩ በአሥር ደቂቃ ታወቀ። ጉዳዩ ስም ነው።

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በሞሉት ቅጽ ላይ ሚስታቸውን የጻፉት አማታቸው ባወጡላቸው ስም ነው። በአገራችን በብዙ አካባቢ ሙሽራ ስትገባ አማት ስም እንደምታወጣ ታውቃላችሁ። በመታወቂያቸውና በባንክ ደብተራቸው ላይ ያለው ግን ወላጆቻቸው ያወጡት ስም ነው። የልጁ ድርሻ ሲቀነስ ፋይሉ ተከፈተ፤ ልዩነቱ ታየ፤ «እስኪጣራ» ተባለና ሁሉም ክፍያ ቆመ። በዚህ ላይ የሟቹ ስም በአንዱ ወረቀት በብዙኃኑ «ኀ»፣ በሌላው በሐመሩ «ሐ»፣ በሦስተኛው በእዝባር አጥሮ ተጽፏል። ቋንቋችን ሀብታም ነው፤ ሦስት «ሀ»፣ ሁለት «ሰ»፣ ሁለት «ጸ»፣ ሁለት «አ» አለን። ጆሮ አይለያቸውም፤ ኮምፒዩተር ግን ይለያቸዋል።

ሠራተኞቹን ሁሉ መውቀስ አንፈልግም። የሞተ ሰው አበል ደብቆ የሚበላ አለ፤ ማጣራት ተገቢ ነው። የማይገባው፣ ምክንያቱን ሳይነግሩ ሰው ማመላለስ ነው።

ታዲያ ያ በጥር ወር የተወሰደው የወረዳ ደብዳቤ የት ገባ? ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ነው። ለሚመለከተው ሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ፣ እንደ ልምዳችን፣ ማንንም አይመለከትም። ደብዳቤ ሲጻፍ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ስም፣ ከተቻለም የክፍሉ ስም ይጻፍበት። ሁለተኛ የጡረታ መለያ ቁጥሩ አልተጻፈበትም። በሺህ የሚቆጠር ፋይል ባለበት መዝገብ ቤት ቁጥር የሌለው ወረቀት በየትኛው ፋይል ይታሰር?

እንግዲህ ወረቀት በመሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ እንነጋገር፤ ይህን ያወቀ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ማመልከቻ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ኃላፊው አይቶ በኅዳጉ ላይ ጽፎ ለአንድ ክፍል ወይም ባለሙያ ይመራዋል። ባለሙያው ሠርቶ ይመልሳል፤ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት በወጪ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ «ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ መልሱ «ይጠብቁ» ነው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ገቢ ቁጥር የገባው ማመልከቻ ለማን ተመራ?» ብሎ መጠየቅ ግን መልሱ የሰው ስም ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ማግኘት ነው።

ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ይገባል፤ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማኅተሙን አስመትተን ቤታችን እንወስዳለን። ይህች ቅጂ ኋላ ለውዝፍ ክፍያ ትጠቅማለች፤ መቼ እንደጠየቅን ምስክር ናትና። ውዝፍ የመጠየቅ መብት በሕጉ የይርጋ ጊዜ ስላለው ደግሞ «ይመጣል» እያሉ ዓመታት ማሳለፍ አደጋ አለው። ማመልከቻው ረጅም አይሁን። ከልጅነት ጀምሮ የደረሰብንን ሁሉ የምንጽፍ አለን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደሆንን፣ መለያ ቁጥሩ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደቆመ፣ ምን እንደምንጠይቅ። ከግርጌ «ግልባጭ» ብለን ለቅሬታ ሰሚው ክፍል ማድረግም አይከፋም። ግልባጭ ያለበት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ብዙ አያድርም።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ተሰቅሏል። ማን ያነበዋል? እኛም ወረፋ ስንጠብቅ ሰለቸንና አነበብነው እንጂ። እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ጊዜ ማለቅ እንዳለበት ራሳቸው ጽፈውታል። ጣታችንን እዚያ ላይ አድርገን በትሕትና ስንጠይቅ ነገሩ ሌላ ሆነ።

«አይሆንም» ከተባልን ደግሞ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠን። በጡረታ ጉዳይ የተሰጠን ውሳኔ በይግባኝ የሚያይ ጉባዔ በሕግ ተቋቁሟል። ነገር ግን በአፍ በተባለ ቃል ላይ ይግባኝ አይባልም። የይግባኙ ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን እዚያው ጀርባው ላይ ጻፉ። መልስ ከመስጠት ለሚያዘገይ መሥሪያ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታው ክፍያ የለውም፤ መጻፍ የማይችል በቃል ማመልከት ይችላል። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ መጨረስ ያስፈልጋል።

የእናታችን ጉዳይ እዚያ አልደረሰም። ወረዳው «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል፣ አድራሻውም መለያ ቁጥሩም የተሟላ ደብዳቤ ጻፈ። ሰው ስናስመሰክር የቆሙት ሦስት ጎረቤቶች እዚህ ተቀምጠዋል፤ ሥራ አስፈቅደው ነው የመጡት። አንዳንዴ የወረዳ ደብዳቤ አይበቃም፣ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ያኔም ምስክር ጎረቤት ነው። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ሆነና ነገሩ ትንሽ ጎተተ። በነሐሴ የአሥር ወሩ ውዝፍ በአንድ ላይ ገባ። ከላይ ባልነው ስሌት 21,000 ብር ማለት ነው። አብዛኛው ለብድር ሄደ። ልጁ ያለፈበትን የትምህርት ዓመት ግን ማንም አልመለሰለትም፤ መስከረም ላይ ከታናናሾቹ ጋር አሥራ አንደኛን እንደገና ጀመረ። መጀመሩም በስንት ልመና ነው፤ ገንዘብ መያዝ የለመደ ልጅ ደብተር መያዝ ያሳፍረዋል።

አሁን በየቤታችን የምናደርገው ምንድን ነው? ባልና ሚስት በሕይወት ሳሉ ወረቀታቸውን ያስተያዩ። ሰው ሲሞት የሰው ወረቀት መፈለግ ከባድ ነው፤ በሕይወት ያለ ግን አንድ ቀን አስፈቅዶ ከሚሠራበት ቦታ የሠራተኛ አስተዳደር ሄዶ በቅጹ ላይ የሚስቱና የልጆቹ ስም እንዴት እንደተጻፈ ማየት ይችላል። አባቶች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። «ገና አልሞትኩም» አትበሉን። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይሠራል። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ሐዘን ላይ 30 ቀን ቶሎ ያልቃል፤ ሣልስቱና ሰባቱ ሲያልፍ ግማሹ ሊሄድ ምን ቀረው? ስለዚህ ለቅሶ በደረሰበት ቤት ከኮሚቴው አንድ ሰው የሞት ምዝገባውን እንዲያስታውስ እንፈልጋለን። ድንኳን ከመትከል እኩል የማኅበሩ ሥራ ይሁን።

እናትም አባትም የሞቱባቸው ልጆች ካሉ ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበልላቸው ሞግዚት በፍርድ ቤት መረጋገጥ አለበት። አክስት ስላሳደገች ብቻ ባንክ አይከፍላትም። ይህን አስቀድሞ መጀመር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ለጉባዔው የምናቀርበው ሦስት ሐሳብ አለ፤ ዛሬ ተወያይታችሁ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። አንደኛው፣ በእኒህ እናት ላይ የተጻፈው መቀጮ ተሰርዞ ገንዘቡ ይመለስላቸው። ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ቢሆንም ይመለስ። ሁለተኛው፣ አንድ አባል መዋጮ ሁለት ወር ተከታትሎ ሲያዘገይ መቀጮ ከመጻፉ በፊት ከኮሚቴው ሰው ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ። ሦስተኛው፣ አበል ወይም ደመወዝ በመሥሪያ ቤት ምክንያት ለቆመበት አባል ውዝፉ ሲከፈል የሚመለስ ብድር ከማኅበሩ ገንዘብ ይሰጥ። በዚህ ላይ ገንዘብ ያዣችን ሥጋት እንዳላቸው ነግረውናል፤ ውዝፉ ካልመጣስ ይላሉ። ሥጋታቸው እውነት አለው፤ በጣሪያው መጠን ላይ ተከራከሩበት።

መሥሪያ ቤት ለመሄድ ሰው የሚፈልግ አባል ካለ፣ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት አብረው ለመሄድ ተመድበዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከማኅበሩ ቤት በር ላይ እንገናኛለን። የመታወቂያችሁን፣ የባንክ ደብተራችሁንና የጡረታ መለያ ቁጥር ያለበትን ማንኛውንም ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያዙ። ፎቶ ኮፒ ማስነሻ የሌለው አባል ከጸሐፊያችን ጋር ይነጋገር። እኒያ እናታችንም ከማክሰኞዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነው አብረውን ለመሄድ ፈቅደዋል፤ የየክፍሉን በርና የወረፋውን ነገር ከሁላችንም በላይ ያውቁታል።

አሁን ወደ ቦዩ ጉዳይ እንለፍ።