ከወልቂጤና ከቡታጅራ ወደ ታላቁ ፍልሰት
ለመምህራን ማኅበር አባላት የቀረበ ንግግር



ስለ ዱር እንስሳት ታላቅ ፍልሰት ሲነሣ የብዙ መምህር ሐሳብ ወዲያው ወደ ሴሬንጌቲ ይሄዳል። በቴሌቪዥን ሲታይ የኖረው የታንዛንያና የኬንያ ሜዳ ነውና ይህ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በቁጥር ከዚያ የሚበልጥ ፍልሰት አንደኛው ጫፉ በኢትዮጵያ ምድር፣ በጋምቤላ ይገኛል፤ በጅማ በኩል ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ ወልቂጤን አቋርጦ ያልፋል።

ነጭ ጆሮ ቆርኬ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ መካከል እንደ ዝናቡና እንደ ሣሩ ሁኔታ ይመላለሳል። በበጋ ውሃው ወደማይነጥፍ ረግረግ ይከማቻል፤ ዝናቡ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ደግሞ ተነሥቶ ይሄዳል። የደቡብ ሱዳን መንግሥትና አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ከአውሮፕላን በተደረገ ቆጠራ ላይ ተመሥርተው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ግምት፣ በዚያ አገር ከሚፈልሱት 6 ሚሊዮን ያህል እንስሳት መካከል 5 ሚሊዮን የሚሆኑት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ናቸው። የሴሬንጌቲ ዊልደቢስት ብዛት 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የሚደርሰው ከዚህ መንጋ ከፊሉ ብቻ ቢሆንም፣ ከፊሉም ለተመልካች ብዙ ነው።

ከወልቂጤ የሚነሣ ተጓዥ አስቀድሞ ጉማሬ ወደሚገኝበት የጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከዚያም በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ባሮ ሜዳ ይዘልቃል። ርቀቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሳይቸኩሉ ለመሄድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ጋምቤላ ቆላ ነው፤ ወባም አለበት። ስለዚህ አጎበር መያዝና ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ስንቅ ግን ለጉራጌ ሰው አያስጨንቅም፤ ቆጮን የመሰለ መንገድ የሚችል ምግብ ብዙ የለም።

ዋናው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። መምህሩ ረጅም ዕረፍት የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ የጋምቤላ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መኪና ይውጣል። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ምድሩ ደረቅ ነው፤ ዳሩ ግን ከጥቂቶቹ ቀናት አራቱ በመሄድና በመመለስ ያልቃሉ። በዚያ ላይ መንጋው ቀን ቆርጦ አይመጣም። ዝናቡ ሲዘገይ ይዘገያል፤ ሣሩ ሌላ ቦታ ከለመለመ ወደዚያው ያቀናል። ገንዘቡን አውጥቶ፣ መንገዱን ተጉዞ፣ ባዶ ሜዳ አይቶ መመለስ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይም አለ። መንጋው የሚገኘው ወደ ድንበሩ በተጠጋው አገር ነው። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በጋምቤላ ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 የሚበልጡ ሕፃናት ወስደዋል። የሌላውን ሰው ባልና ሚስት፣ የሌላውን ሰው ልጆች ሰብስቦ የሚያስጓዝ አባል ይህን ከመኪና ኪራይ በፊት ሊያስብበት ይገባል። የአካባቢው አስተዳደር ጊዜው አይደለም ካለ ጉዞው ይቅር፤ የፓርኩ ጠባቂ ያልመራውም ሰው ወደ ሜዳው ባይገባ ይሻላል።

ታዲያ በዚህ ዓመት ምን ይደረግ? መልሱ በቡታጅራ በኩል ነው። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌላውም ከተማ የጉራጌ ልጅ ወደ አገሩ ሲጎርፍ፣ ከአውሮፓና ከእስያም ወፎች እየመጡ ነው፤ ልብ የሚላቸው ግን ጥቂት ነው። በጀፎረው ላይ ከከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እያርገበገበች የምትሯሯጠው ቢጫ ወፍ ሰሐራን አቋርጣ የመጣች እንግዳ መሆኗን ስንት ተማሪ ያውቃል? እስከ መጋቢት ድረስ ብዙዎቹ እዚሁ ይከርማሉ። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ከዚህ ፍልሰት ጋር ይገጥማል።

ከቡታጅራ እስከ ዝዋይ፣ በሌላ ስሙ ደምበል፣ ሐይቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማለዳ ተነሥቶ ማምሻውን መመለስ ይቻላል። ጊዜ ያለው እስከ አብያታና ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ይቀጥላል፤ አብያታ ከቀድሞው እጅግ መሸሹን በዓይኑ ያያል፤ ይህም ለጂኦግራፊ መምህር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሆነዋል። ዝዋይ ላይ ዓሣ አጥማጆቹን ከበው የሚቆሙት አባ ኮዳዎች የዚያው ነዋሪዎች ስለሆኑ ከእንግዶቹ ጋር አይቆጠሩም። ለአሥር ሰው ሁለት የሩቅ ማሳያ መነጽር ይበቃል፤ የታየው ወፍ ከነቀኑ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ደግሞ ከዓመት ዓመት ቢቀመጥ መልካም ነው።

ለጋምቤላው ጉዞ አባላቱ ከአሁኑ እቁብ ቢገቡ፣ ሰው ሲበዛ የመኪናው ወጪ ይቀላል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋምቤላ ከተማ ነው። ሁለት ጊዜ መደወል ይገባል፤ አንዱን የመኪናው ቀብድ ከመከፈሉ በፊት፣ ሁለተኛውን በመነሻው ዋዜማ።