ማን አዘዘ? አልጠፋም ያለ የቤት ማሞቂያና የብልሽት ፍለጋ ሥርዓት

ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



የዛሬው ርእሴ ከኑሯችን የራቀ ሊመስል ይችላል። እኛ ብርድ ሲበረታ ጋቢ እንደርባለን፣ ከሰል እናያይዛለን እንጂ በየክፍሉ ሙቅ ውሃ የሚያዞር መሣሪያ በቤታችን አንተክልም። ሆኖም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ብሪታንያ የሄዱ የቀድሞ ተማሪዎቻችን እዚያ ብርዱ በገባ ቁጥር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማሞቂያውን አጠፋሁት፤ እርሱ ግን አልጠፋም»። በቅድሚያ የተከፈለበት የጋዝ ቆጣሪ ላለው ተከራይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚነደው የእርሱ ገንዘብ ነው። ለእኛ ለመሐንዲሶች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ፋይዳ አለው፤ በፋብሪካም ሆነ በሆቴል በሚገኝ ማናቸውም ቦይለር ላይ የምናገኘውን የትእዛዝ ሰንሰለት በትንሹ የሚያሳይ ነው።

በብዙዎች አእምሮ ያለው ሥዕል ቴርሞስታት እንደ ቧንቧ ነው የሚል ነው። ሲከፍቱት ሙቀት ይፈሳል፤ ሲዘጉት ይቆማል። ቴርሞስታት ግን የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉ ቀዝቅዟልና ሙቀት ይምጣ ብሎ ያመለክታል። ዋረን ጆንሰን የተባለው የዊስኮንሲን መምህር እ.ኤ.አ. በ1883 የባለቤትነት መብት ባገኘበት የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት ምልክቱ የሚደርሰው እሳቱን ለሚቆጣጠረው ሠራተኛ ነበር። በመሣሪያውና በእሳቱ መካከል ሰው ነበረ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ሰው ቦታ የቆመው በብዙ የብሪታንያ ቤቶች በሞተር የሚሠራ ቫልቭ ነው፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እዚያ ነው።

የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያ ባላቸው ቤቶች የተለመደውን ባለሁለት ቫልቭ አሠራር እንውሰድ። አንዱ ቫልቭ ወደ ራዲያተሮቹ፣ ሌላው ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደውን መንገድ ይከፍታል። ፕሮግራመሩና ቴርሞስታቱ ሲስማሙ 230 ቮልት በቡናማው ሽቦ ወደ ቫልቩ ሞተር ይደርሳል። ሞተሩ ሞላውን እየተገፋ ቫልቩን ይከፍታል። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በውስጡ ያለው ማይክሮ ስዊች ይዘጋና ግራጫውን ሽቦ ከብርቱካናማው ጋር ያገናኛል። ቦይለሩንና ፓምፑን የሚያስነሣው ይህ ብርቱካናማ ሽቦ ነው። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ቦይለሩን በቀጥታ አያዝም፤ ቫልቩን ያዛል፣ ቫልቩ ደግሞ ቦይለሩን ያዛል። ቴርሞስታቱ ሲጠፋ ሞላው ቫልቩን መልሶ ሊዘጋው ይገባል። ሞላው ከደከመ፣ ወይም ዘንጉ በጥቁር የብረት ዝገት ዝቃጭ ከተያዘ፣ ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ ማይክሮ ስዊቹም «ሙቀት ይፈለጋል» ማለቱን ይቀጥላል። ቴርሞስታቱ ዝም ካለ በኋላ ትእዛዙን የሚያስተጋባው ቫልቩ ነው።

እንግዲህ አልጠፋም ያለ ማሞቂያ ሲያጋጥም የምንጠይቀው «ምን ተበላሸ?» ብለን አይደለም፤ «አሁንም የሚያዘው ማን ነው?» ብለን ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው ቴርሞስታቱን ነው፤ ምክንያቱም ግድግዳ ላይ የሚታየው እርሱ ነው። ይህ ዕቃ መቀየር እንጂ ብልሽት ፍለጋ አይደለም።

ከመሣሪያ በፊት ዓይንና እጅ ይበቃሉ። ቴርሞስታቱን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፤ ፕሮግራመሩ ላይ ማሞቂያውንም ሙቅ ውሃውንም አጥፉ፤ ከዚያ ታገሡ። ራዲያተር የያዘውን ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚለቅ፤ ፓምፑም ቦይለሩ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሊዞር ይችላል። ይህ በቦይለሩ ውስጥ የቀረውን ሙቀት ለማውጣት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁለት ነገር ይታያል፤ ቦይለሩ ይነዳል ወይስ አይነድም? ራዲያተሮቹ ይሞቃሉ ወይስ አይሞቁም?

የሁለቱ መልስ ጥምረት ብዙ ይናገራል። ቦይለሩ እየነደደ ራዲያተሮቹም ከሞቁ፣ ወይ ትእዛዙ ከላይ፣ ማለትም ከቴርሞስታቱ ወይም ከፕሮግራመሩ፣ ገና ይመጣል፤ ወይም የማሞቂያው ቫልቭ ክፍት እንዳለ ተይዟል። ቦይለሩ እየነደደ፣ ቶሎ ቶሎም እየጠፋ እየበራ፣ ራዲያተሮቹ ግን ከቀዘቀዙ፣ ቫልቩ ተዘግቶ የማይክሮ ስዊቹ ኮንታክት ብቻ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው መሄጃ ስላጣ ቦይለሩ በራሱ የሙቀት ገደብ ይቆማል። እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የሁለቱ ቫልቮች ብርቱካናማ ሽቦዎች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ራዲያተሮቹ ቀዝቅዘው ቦይለሩ ሲነድ ጥፋቱ የሙቅ ውሃው ቫልቭ ሊሆንም ይችላል። ቦይለሩ ሳይነድ ራዲያተሮቹ ለብ ካሉ ደግሞ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ሳይሆን የውሃ ነው፤ በደንብ ባልገጠመ ቫልቭ በኩል ሙቅ ውሃ ሾልኮ ይወጣል።

በብዙ የቫልቭ ዓይነቶች ጎን ላይ ትንሽ የእጅ ማንሻ አለች። ቫልቩ ተዘግቶ ከሆነ ማንሻዋ ስትገፋ የሞላው ተቃውሞ በጣት ይሰማል። ልል ሆና ያለ ተቃውሞ ከተንቀሳቀሰች ቫልቩ ክፍት ነው። ሁሉን ነገር አጥፍተን ሳለ ማንሻዋ ልል ከሆነች ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ በእጅጉ ያጋድላል፤ ነገር ግን ሞተሩ አሁንም ኤሌክትሪክ እየደረሰው ሊሆን ስለሚችል ማስረጃው ገና ሙሉ አይደለም።

የሚያሟላው መልቲሜትር ነው፤ ይህ ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ሰንሰለቱን መሐል ላይ እንቆርጠዋለን። ሁሉም ጠፍቶ ሳለ ቡናማው ሽቦ ላይ 230 ቮልት ካለ፣ ቫልቩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ወደ ላይ ነው። ምናልባት የቴርሞስታቱ ኮንታክት ተጣብቋል፤ ገመድ አልባ ከሆነ የተቀባዩ ሪሌ አልለቀቀም። ቡናማው ባዶ ሆኖ ብርቱካናማው ላይ ኤሌክትሪክ ካለ፣ ከሁለቱ ቫልቮች አንዱ ነው፤ አንዱን ብርቱካናማ ነጥሎ ማየት ይለያቸዋል። ሁለቱም ባዶ ሆነው ቦይለሩ ከነደደ፣ ትእዛዙ ከራሱ ከቦይለሩ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ ቧንቧ እንዳይበርድ ራሱን የሚያስነሣ መከላከያ ሊሆን ይችላል። የዚያን ጊዜ መሣሪያው ተግባሩን ፈጸመ እንጂ አልተበላሸም።

ስለ ቀለሞቹ ላስጠንቅቅ። በብሪታንያ የቤት ውስጥ ገመድ ቡናማ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ነው፤ በቫልቩ ገመድ ውስጥ ግን ቡናማው የሚነቃው ሙቀት ሲጠየቅ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ግራጫው ነው። «ቴርሞስታቱን አጥፍቻለሁ» ብሎ የቫልቩን ክዳን የሚከፍት ሰው የ230 ቮልት ሽቦ ይጠብቀዋል። ማጥፋት የሚገባው በግድግዳው ላይ ባለው ባለፊውዝ ማጥፊያ ነው፤ ጠፍቶም በመሣሪያ ተፈትኖ ነው።

ቫልቩ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም ሙሉውን መቀየር ሁልጊዜ አያስፈልግም። በብዙዎቹ ላይ የሞተሩ ክፍል ውሃው ሳይፈስ ይነቀላል። ያን ጊዜ ዘንጉን በጣት ማዞር ነው፤ በቀላሉ ከዞረ የሞተሩ ክፍል ይለወጣል፣ ከተያዘ ግን አዲስ ሞተር ብንገጥም ያው በሽታ ይመለሳል።

የቦይለሩን ውስጥ ግን አትንኩ። በብሪታንያ በጋዝ መሣሪያ ላይ መሥራት የሚችለው የጋዝ ሴፍ መዝገብ አባል ብቻ ነው፤ ይህ መዝገብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ኮርጂን ተክቷል። በእንግሊዝ ለሚኖሩ ተከራዮችም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ በአብዛኛው የአጭር ጊዜ ኪራይ የማሞቂያውን ጥገና በአከራዩ ላይ ይጥላል። ባለፊውዙን ማጥፊያ ዘግቶ መጠበቅ ነዳጅ ያድናል፤ በከባድ ውርጭ ጊዜ ግን መከላከያውም አብሮ ስለሚጠፋ ቧንቧ የመፈንዳት አደጋ አለ። ስለዚህ መዝጋት ያለበት ለአጭር ጊዜ ነው።

ለአከራዩ የሚላከው መልእክት «ማሞቂያው ተበላሽቷል» ከሆነ ጠጋኙ ባዶ እጁን ይመጣል፤ ተመልሶ ሌላ ቀን ይቀጥራል። መልእክቱ «ቴርሞስታቱ ዝቅተኛው ላይ ነው፤ ፕሮግራመሩ ጠፍቷል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ቦይለሩ ይነዳል፤ ራዲያተሮቹ ሁሉ ይሞቃሉ፤ የቫልቩ ማንሻ ልል ነው» የሚል ከሆነ ግን ጠጋኙ የቫልቭ ሞተር ይዞ ይመጣል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።